የአደራ ቁልፍ

በ1977 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ወር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር አንድ ደብዳቤ ደረሰው። ጸሐፊው ጄ. ኤ. ሜየር ይባላል። የማኅበሩ አባል መሆኑን ገለጸ እንጂ የት እንደሚሠራ አልተናገረም፤ የብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ ሠራተኛ መሆኑ የታወቀው ኋላ ጋዜጠኞች ሲያጣሩ ነው። ደብዳቤው ስለ ምስጠራ የተሠሩ ጥናቶችን ያለ መንግሥት ፈቃድ ማሳተምም ሆነ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ ማቅረብ፣ የጦር መሣሪያ ወደ ውጭ መላክን የሚቆጣጠረውን ደንብ መጣስ ሊሆን እንደሚችል ያስጠነቅቃል።

ማስፈራሪያው ከባዶ የመጣ አልነበረም። የአሜሪካ ስቴት ዲፓርትመንት ያለ ፈቃዱ ከአገር የማይወጡ የጦር ዕቃዎችን ዝርዝር ይዟል። ታንኩ፣ ሚሳይሉ፣ ተዋጊ አውሮፕላኑ እዚያ ነው። መልእክት መመስጠሪያ መሣሪያም ያኔ እዚያው ነበር። እስከዚያ ዘመን ድረስ ምስጠራ የሚያስፈልገው በአብዛኛው ለጦር አዛዥ፣ ለዲፕሎማትና ለሰላይ ስለነበር ይህ ማንንም አላስገረመም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመንን የምስጢር መልእክት ማንበብ መቻል ስንት ነፍስ እንዳዳነና ስንት መርከብ እንዳሰጠመ የሚያውቅ መንግሥት፣ የዚያን ዕውቀት በር ጠበቅ አድርጎ ቢዘጋ አይፈረድበትም።

በሩን የከፈቱት ግን ወታደሮች አልነበሩም። በኅዳር 1976 ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን የተባሉ ሁለት የስታንፎርድ ሰዎች አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። እስከዚያ ድረስ ሁለት ሰዎች በምስጢር ለመጻጻፍ አስቀድመው ተገናኝተው ወይም የታመነ መልእክተኛ ልከው አንድ ቁልፍ መጋራት ነበረባቸው። ዲፊና ሄልማን ይህ እንደማያስፈልግ አሳዩ። ተገናኝተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች፣ ሌላ ሰው እየሰማቸው በግልጽ መስመር ቁጥሮች ተለዋውጠው፣ ሰሚው የማይደርስበት የጋራ ምስጢር ላይ መድረስ ይችላሉ። በተከታዩ ዓመት ሦስት የኤም አይ ቲ ተመራማሪዎች፣ ሪቬስት፣ ሻሚርና አድልማን፣ ሐሳቡን በተግባር የሚያውል ስልት አገኙ። አንድ ታዋቂ የሳይንስ መጽሔት በነሐሴ 1977 ነገሩን ለሰፊው ሕዝብ አስነበበና አድራሻ የተጻፈበት ፖስታ ለላከ ሁሉ የጥናቱ ቅጂ እንደሚላክ ተናገረ። በሺዎች የሚቆጠሩ ፖስታዎች ከዓለም ዙሪያ ጎረፉ። የሜየር ደብዳቤ ያስጨነቀው ኤም አይ ቲ የሕግ ምክር እስኪያገኝ ድረስ ቅጂዎቹን መላክ አቁሞ ነበር።

በጥቅምት ወር ኢታካ ከተማ በሚገኘው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጉባኤ ተጠራ። ሄልማን ሁለት ጥናቶች ይዞ ነበር፤ አንዱን ከራልፍ መርክል፣ ሌላውን ከስቲቨን ፖሊግ ጋር የሠራቸው። በሙያው ወግ ጥናቱን መድረክ ላይ የሚያቀርበው ወጣቱ ተመራማሪ ነው፤ ስሙን የሚያስጠራውም በዚያ ነው። የስታንፎርድ የሕግ አማካሪ ግን ሄልማንን መከረው፤ ክስ ቢመጣ ቋሚ ፕሮፌሰር ረጅሙን ሙግት ይችለዋል፣ ገና ሥራ ያልያዘ ወጣት ግን አይችለውም። ስለዚህ ሁለቱ ወጣቶች መድረክ ላይ ወጥተው ከሄልማን ጎን ቆሙ። እሱ ለምን እንደዚህ እንደሆነ ለታዳሚው ነገረ፣ ጥናታቸውንም በእነርሱ ፋንታ አቀረበ። እነርሱ ቃል ሳይተነፍሱ ቆመው ሰሙ። በገዛ ሥራቸው ላይ አፋቸው የተዘጋ ሁለት ወጣቶች ምስል ለእኔ የዚህ ታሪክ ሁሉ መግቢያ ነው፤ የወንጀላቸው ጥርጣሬ ሒሳብ መሥራት ነበርና።

ክሱ አልመጣም። በሰማንያዎቹ ዓመታት ኤጀንሲውና ተመራማሪዎቹ በተወሰነ መከባበር ኖሩ፤ ሊታተም የተዘጋጀ ጥናት በፈቃደኝነት ለኤጀንሲው እንዲታይ ሐሳብ ቀርቦ አንዳንዱ ተቀበለው፣ አንዳንዱ ተወው። ባንኮች በ1977 መንግሥት ባጸደቀው ባለ 56 ቢት መመዘኛ ገንዘብ ማስተላለፉን ለመዱ። ተራው ሰው ገና ኮምፒውተር አልነበረውም፤ ጠቡም ስለዚህ ገና አልተጀመረም።

በ1991 መጀመሪያ የደላዌሩ ሴናተር ጆሴፍ ባይደን ሽብርተኝነትን የሚመለከት ረቂቅ ለሴኔት አቀረቡ። ከውስጡ አንዲት አንቀጽ የመገናኛ አገልግሎት ሰጪዎችና መሣሪያ አምራቾች፣ መንግሥት ሕጋዊ ፈቃድ ሲይዝ የመልእክቱን ግልጽ ይዘት እንዲያገኝ ማስቻል አለባቸው ትላለች። አንቀጿ ኋላ ከረቂቁ ወጣች። ከመውጣቷ በፊት ግን ኮሎራዶ ውስጥ ቦልደር ከተማ ይኖር የነበረ ፊል ዚመርማን የተባለ የፕሮግራም ባለሙያ ደረሰባት። ዚመርማን የኑክሌር ጦር መሣሪያ ተቃዋሚ ነበር፤ ተራ ሰው ኢሜይሉን የሚመሰጥርበት ፕሮግራም ለመሥራት ሲደክም፣ የቤቱን ዕዳ መክፈል እስኪያቅተው ደርሶ ነበር። ሕጉ ሳይቀድመው በሰኔ 1991 ፒ ጂ ፒ ብሎ የሰየመውን ፕሮግራም በነጻ ለቀቀው። አንድ ወዳጁ ተሸካሚ ኮምፒውተር ይዞ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ከአንዱ የሕዝብ ስልክ ወደ ሌላው እየነዳ፣ መንግሥት ቢደርስበት እንኳ ቀድሞ እንዲሰራጭ በየመስመሩ ጫነው። ፕሮግራሙ በቀናት ውስጥ ውቅያኖስ ተሻገረ። በየካቲት 1993 የጉምሩክ መርማሪዎች ዚመርማን ዘንድ መጡ፤ ሳን ሆዜ ላይ በግራንድ ጁሪ ፊት ምርመራ ተከፈተበት። ጥርጣሬው ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ ወደ ውጭ መላክ ነው። በዚያው ዓመት መከር፣ የሞስኮ ፓርላማ በታንክ በሚደበደብበት ቀን፣ ከላትቪያ አንድ ሰው ፕሮግራሙ በዚያ ምድር ሁሉ እንደተዳረሰና ክፉ ቀን ቢመጣ ለዴሞክራሲ ሰዎች እንደሚጠቅም ጽፎ አመሰገነው።

ኩባንያዎቹ በበኩላቸው መንግሥትን ይለማመጡ ነበር። የሶፍትዌራቸው ገበያ ሰፊ ክፍል ውጭ አገር ነበር፤ ምስጠራ ያለበትን ሁሉ በጦር መሣሪያ ፈቃድ መላክ ደግሞ የማይሆን ነገር ነበር። በ1992 ስምምነት ተደረሰ፤ የቁልፉ ርዝመት ከ40 ቢት ካልበለጠ በቀላሉ ይፈቀድ ተባለ። ቁልፍ እዚህ ላይ ቁጥር ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ቢት ሊሞከሩ የሚገባቸውን ቁጥሮች በእጥፍ ያሳድጋል። 40 ቢት ከ1 ትሪሊዮን ጥቂት ከፍ ያለ አማራጭ ይሰጣል። ለሰው ብዙ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ያኔውኑ ብዙ አልነበረም። ልኩ የተመረጠውም ለዚሁ ነው፤ ጎረቤት እንዳያነብ፣ ኤጀንሲው ግን እንዲያነብ። ከዚያ ወዲህ አንድ ኩባንያ ሁለት ዓይነት ሶፍትዌር መሥራት ያዘ፤ ጠንካራው ለአሜሪካና ለካናዳ፣ ደካማው ለተቀረው ዓለም።

በዚያው በ1992 ኤቲ ኤንድ ቲ ከስልክ ጋር ተገጥሞ ንግግርን የሚመሰጥር ትንሽ ሣጥን ለገበያ ሊያወጣ እንደሆነ አስታወቀ። ኤፍ ቢ አይ ደነገጠ። የፍርድ ቤት ማዘዣ ይዞ ስልክ የሚጠልፍ መርማሪ ከዚህ በኋላ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ሊሆን ነው። መልሱ የመጣው በሚያዝያ 16 ቀን 1993 ከዋይት ሃውስ ነበር። የፕሬዚዳንት ክሊንተን መንግሥት ክሊፐር የሚባል ቺፕ አስተዋወቀ።

የቺፑን አሠራር ማወቅ ይገባል፤ ሐሳቡ ዛሬም ልብሱን እየለወጠ ይመለሳልና። በውስጡ ያለው የምስጠራ ስልት ስኪፕጃክ ይባላል፤ ባለ 80 ቢት ነው፤ ጠንካራ ነበር፤ አሠራሩ ግን ምስጢር ሆኖ ተያዘ። እያንዳንዱ ቺፕ ሲሠራ የራሱ መለያ ቁጥርና የራሱ ቁልፍ ይሰጠዋል። የዚያ ቁልፍ ቅጂ ለሁለት ይከፈልና ግማሹ በብሔራዊ የመመዘኛዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም፣ ግማሹ በገንዘብ ሚኒስቴሩ ሥር ባለ አንድ ክፍል በአደራ ይቀመጣል። ሁለት ሰዎች ሲደዋወሉ ቺፑ የዚያችን ንግግር ቁልፍ በራሱ ቁልፍ መስጥሮ፣ መለያ ቁጥሩን ጨምሮ፣ ሊፍ በምትባል ባለ 128 ቢት ማኅተም ከንግግሩ በፊት ይልካል። መርማሪው ማዘዣ ሲያወጣ ማኅተሟን ከፍቶ የቺፑን ቁጥር ያያል፤ ሁለቱን መሥሪያ ቤቶች ግማሽ ግማሹን ይጠይቃል፤ ይገጥመውና ንግግሩን ይሰማል። የእያንዳንዱ ቤት ሁለተኛ ቁልፍ ለሁለት ተሰብሮ ግማሹ ቀበሌ፣ ግማሹ ፖሊስ ጣቢያ ይቀመጥ እንደ ማለት ነው።

በሐሳቡ የተነሡት ሰዎች ክፉ ነበሩ ማለት አልችልም። ስልክ ጠልፎ የታገተ ልጅ ያስመለሰ መርማሪ ይህ አቅም ከእጁ ሲወጣ ማዘኑ ተገቢ ነው። ማዘዣ ያስፈልጋል ብለዋል፣ ሁለት መሥሪያ ቤት ብለዋል፣ ጥበቃ ብለዋል። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ሁለቱም የአደራ ጠባቂዎች የአንድ መንግሥት አስፈጻሚ አካል ናቸው፤ የሚሊዮኖች ቁልፍ በሁለት ቦታ ሲከማች ደግሞ በዓለም ላይ ያለ የስለላ ድርጅት ሁሉ ዓይኑን የሚጥልበት ሀብት ይሆናል። ከሁሉ በላይ፣ የጀርመን ወይም የጃፓን ነጋዴ የአሜሪካ መንግሥት የሚሰማውን ስልክ በገንዘቡ ለምን ይገዛል? ለዚህ ጥያቄ ዋይት ሃውስ መልስ አልነበረውም። ከ40 ሺህ በላይ ሰዎች የተቃውሞ ፊርማ ላኩ። መንግሥት ግን በየካቲት 1994 ክሊፐርን የፌደራል መሥሪያ ቤቶች መመዘኛ አድርጎ አጸደቀው።

የጣለው ተቃውሞ ሳይሆን የአንድ ሰው ሙከራ ነው። ማት ብሌዝ በኤቲ ኤንድ ቲ ቤል ላቦራቶሪዎች ይሠራ ነበር። ይኸው ስልት ያለበት ካርድ ለሙከራ እጁ ገባና ማኅተሟን መረመረ። ተቀባዩ ቺፕ ማኅተሟ እውነተኛ መሆኗን የሚያረጋግጠው በ16 ቢት የማጣሪያ ቁጥር ብቻ እንደሆነ አየ። 16 ቢት ማለት 65,536 አማራጭ ነው። ብሌዝ ኮምፒውተሩ የዘፈቀደ ማኅተሞችን እየፈጠረ ለካርዱ እንዲሰጠው አደረገ፤ ወደ 40 ደቂቃ ገደማ ሲሞክር አንዷ ታልፋለች። ያለፈችው ማኅተም ትክክል ትመስላለች እንጂ በውስጧ የንግግሩ ቁልፍ የለም። ሰዎቹ በጠንካራው የመንግሥት ምስጠራ ይነጋገራሉ፤ መርማሪው ማዘዣውን ይዞ ሲመጣ የሚያገኘው ባዶ ነው። በሰኔ 1994 መጀመሪያ ወሬው በኒው ዮርክ ታይምስ የፊት ገጽ ወጣ። በሐምሌ ምክትል ፕሬዚዳንት አል ጎር የወጪ ደንቡ እንዲላላ ረቂቅ ላቀረቡት የዋሽንግተን ግዛት የምክር ቤት አባል ማሪያ ካንትዌል ሌላ መንገድ እንደሚፈለግ ጻፉ። ክሊፐር በሕግ አልተሻረም፤ የሚገዛው አጥቶ ቀረ። በጥቅምት ኮንግረስ የስልክ ኩባንያዎች መስመራቸውን ለሕጋዊ ጠለፋ አመቺ አድርገው እንዲሠሩ የሚያዝዘውን ካሊያ የተባለውን ሕግ አወጣ። ይህን ሕግ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ከ30 ዓመት በኋላ እንደርስበታለን።

በዚያው በ1994 ፊል ካርን የተባለ መሐንዲስ ስቴት ዲፓርትመንትን አንድ ነገር ጠየቀ። ብሩስ ሽናየር ስለ ምስጠራ የጻፈው ወፍራም መጽሐፍ በመጨረሻው ክፍሉ የፕሮግራሞች ሶርስ ኮድ ታትሞበታል። ካርን መጽሐፉን ወደ ውጭ መላክ ይቻላል ወይ አለ። መልሱ በመጋቢት መጣ፤ ይቻላል፣ መጽሐፉ ለሕዝብ የተገለጠ ነው። ካርን ደግሞ ያንኑ ኮድ ፊደል በፊደል በፍሎፒ ዲስክ ቀድቶ ዲስኩንስ ብሎ ጠየቀ። በግንቦት መልስ ተሰጠው፤ ዲስኩ የጦር መሣሪያ ነው፣ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከመጽሐፉ ላይ ኮዱን መተየብ የሚችል ማንኛውም የፓሪስ ተማሪ በሁለት ቀን የሚያገኘውን ነገር ነው መንግሥት በዲስክ እንዳይወጣ የከለከለው። ካርን ከሰሰ፤ በ1996 ዳኛው ክሱን ውድቅ አደረጉበት። በ1995 ሌላ ሰው የሪቬስትንና የባልደረቦቹን ስልት በጥቂት መስመር ኮድ አሳጥሮ በቲሸርት ላይ አሳተመው፤ ቲሸርቱ ራሱ በጦር መሣሪያነት ተመድቧል የሚል ጽሑፍ አብሮት ነበር። ለብሰውት ድንበር የሚሻገሩ ሰዎች ታዩ።

ካርን የተሸነፈበትን ሙግት ያሸነፈው የበርክሊ ተማሪ ዳንኤል በርንስታይን ነው። በርንስታይን የሠራውን የምስጠራ ስልት ለማሳተም ፈልጎ ሲጠይቅ፣ እንደ ጦር መሣሪያ ነጋዴ ተመዝግቦ ፈቃድ ማውጣት እንዳለበት ተነገረው። በየካቲት 1995 በኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲር ፋውንዴሽን ድጋፍ ከሰሰ። ጠበቃው ሲንዲ ኮን ያነሣችው ነጥብ ቀጥተኛ ነበር፤ ሶርስ ኮድ ሰው ለሰው ሐሳቡን የሚገልጽበት ጽሑፍ ነው፣ ከማሳተም በፊት የመንግሥት ፈቃድ መጠየቅ ቅድመ ምርመራ ነው። የሳን ፍራንሲስኮዋ ዳኛ ማሪሊን ሆል ፓቴል በ1996 ተቀበሏት።

የ40 ቢቱ ገመናም በዚያው ሰሞን ተጋለጠ። በነሐሴ 1995 ዳሚየን ዶሊጌዝ የተባለ የፈረንሳይ ተመራማሪ በመሥሪያ ቤቱ ያሉ 120 ያህል ኮምፒውተሮችን ትርፍ ጊዜ ተጠቅሞ፣ ኔትስኬፕ ለውጭ ገበያ ያወጣው ብራውዘር የመሰጠረውን መልእክት በ8 ቀን ፈታ። በጥር 1996 መንግሥት በዚመርማን ላይ የከፈተውን ምርመራ ዘጋ፤ ለምን እንደዘጋው አልተናገረም። ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ እስር ሲጠብቅ ለኖረ ሰው የተሰጠው ይኸው ነው።

በ1996 መጨረሻ ክሊንተን የንግድ ምስጠራን ከጦር መሣሪያ ዝርዝር አውጥተው ወደ ንግድ ሚኒስቴር አዛወሩት። መዛወሩ ብቻውን ትልቅ ነገር ነበር፤ ከጀርባው ያለው ውል ግን የድሮው ነው። ኩባንያዎች ለሁለት ዓመት 56 ቢት መላክ ይችላሉ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን ቁልፍ ለመንግሥት ተመልሶ የሚገኝበትን ሥርዓት ለመሥራት ቃል መግባት አለባቸው። አደራ የሚለው ስም ተለውጦ መልሶ ማግኛ ተባለ። ደንቡ ሥራ ላይ በዋለበት በጥር 1997 የበርክሊው ተማሪ ኢያን ጎልድበርግ 250 ያህል ኮምፒውተሮችን አገናኝቶ 40 ቢት ቁልፍ በሦስት ሰዓት ተኩል አገኘ። ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ የተከፈተው በዚያው ዓመት ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ የኔትስኬፕን ብራውዘር ያወረደ ሰው የሚደርሰው ያው ለውጭ ሰው የተበጀው ደካማው ነበር፤ ማንም አልነገረውም እንጂ።

ያልተነገራቸው ድሆች ብቻ አልነበሩም። ሎተስ ኖትስ የተባለው የቢሮ ሶፍትዌር አዘጋጆች በ1996 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተስማምተው ለውጭ ደንበኞች 64 ቢት ምስጠራ ሰጡ። ከ64ቱ 24ቱ ግን ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ ብቻ በሚከፍተው ቁልፍ ተመስጥረው ከእያንዳንዱ መልእክት ጋር ይሄዳሉ። ለሌላው ዓለም 64፣ ለኤጀንሲው 40። ኩባንያው ይህን አልደበቀም፤ ገዢዎቹ ግን ጥቃቅኑን ጽሑፍ አላነበቡም። በኅዳር 1997 ስቬንስካ ዳግብላዴት የተባለው የስዊድን ጋዜጣ ነገሩን ሲያወጣ የስዊድን የፓርላማ አባላትና የግብር መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች በዚሁ ሶፍትዌር እንደሚጻጻፉ አወቁ። የአንድ ነጻ አገር ሕግ አውጪዎች የሌላ አገር ሰላዮች ሥራ እንዲቀልላቸው በገዛ ገንዘባቸው ከፍለዋል።

የኤፍ ቢ አይ ዳይሬክተር ሉዊስ ፍሪ በኮንግረስ ፊት የሚያነሡት ምሳሌ ከባድ ነበር። አሸባሪው ራምዚ ዩሱፍ ማኒላ ላይ በተወው ኮምፒውተር ውስጥ 11 የአሜሪካ አውሮፕላኖችን የማፈንዳት ዕቅድ ተገኝቷል፤ ከፋይሎቹ ከፊሉ የተመሰጠረ ነበር። ይህን የሰማ እንደራሴ ቢፈራ አልፈርድበትም። በመስከረም 1997 አንድ የተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ከ2000 ጀምሮ በአገር ውስጥ እንኳ ለመንግሥት ወዲያው የማይከፈት ምስጠራ እንዳይሸጥ የሚከለክል ማሻሻያ አጸደቀ። ሕግ ሆኖ ሳይወጣ ቀረ። ቀደም ብሎ፣ በዚያው ዓመት ግንቦት፣ ሪቬስት፣ ዲፊና ብሌዝ የሚገኙባቸው 11 ባለሙያዎች ያወጡት ጥናት፣ የሚሊዮኖችን ቁልፍ ከእጅ ወደ እጅ እያስተላለፈ ቀንና ሌሊት የሚጠብቅ ሥርዓት በአስተማማኝነት መሥራት የሚችል እንደሌለ በዝርዝር አሳይቶ ነበር።

አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ሥራው በወረቀት ተያዘ። የዚመርማን ኩባንያ የአዲሱን ፒ ጂ ፒ ሶርስ ኮድ ከ6,000 ገጽ በላይ በሆኑ መጻሕፍት አሳተመ፤ መጽሐፍ ይፈቀዳልና። መጻሕፍቱ በሕጋዊ መንገድ ከአሜሪካ ወጡ። በኖርዌይና በሌሎች አገሮች ያሉ በደርዘን የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ገጽ በገጽ ስካን አደረጉት፤ ማሽኑ ያሳሳተውን ነጠላ ፊደል በዓይናቸው እየለቀሙ አረሙ። ብዙ ሳይቆይ ፕሮግራሙ አንድም የአሜሪካ ሕግ ሳይጣስ በዓለም ሁሉ ተሰራጨ።

በሐምሌ 1998 ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲር ፋውንዴሽን ከ250 ሺህ ዶላር ባነሰ ወጪ የሠራው ማሽን 56 ቢቱን መመዘኛ በ56 ሰዓት ሰበረ። መንግሥት በውል የፈቀደው 56 ቢትም ከዚህ በኋላ ዋጋ አጣ። በግንቦት 1999 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ ለበርንስታይን ፈረደ። በመስከረም 16 ዋይት ሃውስ እጁን ሰጠ፤ በጥር 2000 የወጣው ደንብ ለገበያ የተዘጋጀ ምስጠራ፣ የቁልፉ ርዝመት ምንም ይሁን፣ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ ሽብርን ይደግፋሉ ከተባሉ ጥቂት አገሮች በቀር ወደ ሁሉም እንዲላክ ፈቀደ። ጎረቤታችን ሱዳን ከተከለከሉት አንዷ ነበረች።

ለመንግሥት መግቢያ የማበጀት ሐሳብ ግን በስልክ መስመር ውስጥ ቀጠለ። በግሪክ፣ ከአቴንስ ኦሎምፒክ ሰሞን ጀምሮ እስከ መጋቢት 2005፣ ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች በቮዳፎን ማዞሪያ ውስጥ ለሕጋዊ ጠለፋ የተሠራውን ክፍል በድብቅ አስነሥተው ከ100 በላይ ስልኮችን ሰሙ። ከተሰሙት አንዱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኮስታስ ካራማንሊስ ናቸው። መንገዱ ለፖሊስ የተጠረገ ነበር፤ የሄደበት ሌላ ሆነ።

ከዚያ ታሪኩ በእኛ ደጅ አለፈ። ምስጠራው በየእጁ ሲገባ መንግሥታት ምስጠራውን ትተው መልእክቱ ከመመስጠሩ በፊት ኮምፒውተሩን ራሱን የሚሰልል ሶፍትዌር መግዛት ጀመሩ። በ2013 ሲቲዝን ላብ የተባለው የቶሮንቶ የምርምር ተቋም ፊንስፓይ የተባለው የስለላ ሶፍትዌር በኢትዮጵያ የተቃዋሚ አባላት ፎቶግራፍ ማጥመጃነት መሰራጨቱን ገለጠ፤ በየካቲት 2014 ደግሞ ሃኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ሶፍትዌር በኢሳት ጋዜጠኞች ላይ መሞከሩን አሳወቀ። ሜሪላንድ የሚኖር ኪዳኔ በሚል የሽፋን ስም የቀረበ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ኮምፒውተሩ ለወራት ተሰልሏል ብሎ የኢትዮጵያን መንግሥት በዋሽንግተን ከሰሰ፤ በ2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር አልተፈጸመም ብሎ መዝገቡን ዘጋው። ይህን ፍርድ ልቤ አልተቀበለውም፤ ሰውየው ሳሎኑ ተቀምጦ ነው የተሰለለው። በ2014 የታሰሩት የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ክስ ላይ ደግሞ ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ በተባለ የዲጂታል ጥበቃ መመሪያ መሠልጠን ተጠቅሶባቸዋል። አገሮች የወጪ ቁጥጥር ደንባቸውን የሚያስተባብሩበት የዋሰናር ስምምነት በታኅሣሥ 2013 የስለላ ሶፍትዌርን ከዝርዝሩ አስገባ። ድሮ ለምስጠራው ፈቃድ ይጠየቅ የነበረው አሁን ለሰባሪው ይጠየቅ ሆነ፤ ጣሊያን በ2016 የሃኪንግ ቲምን ጠቅላላ የወጪ ፈቃድ ሰረዘች። እኔ በበኩሌ የወጪ ደንብ በዚህ ሁሉ ዘመን ትክክለኛውን ዕቃ የያዘው ያኔ ነው እላለሁ።

በመጋቢት 2015 የዘጠናዎቹ ደንብ ሙት ሆኖ እንኳ ጉዳት እንደሚያደርስ ታወቀ። ፓሪስ ያሉ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ብዙ ድረ ገጾች ለውጭ አገር ሰው ሲባል የተሠራውን የእነ ሪቬስት ስልት ባለ 512 ቢት ደካማ ቁልፍ (በዚህ ስልት 512 ቢት አጭር ነው) እስከዚያ ጊዜ ድረስ እንደሚቀበሉ አገኙ። አጥቂው መሐል ገብቶ ሁለቱም ወገኖች ሳያውቁ ወደዚያ ደካማ ቁልፍ ሊያወርዳቸው ይችል ነበር፤ ቁልፉን ለመስበር በተከራዩት ኮምፒውተር 100 ዶላርና 7 ሰዓት ያህል ይበቃ ነበር። ከተጋለጡት ድረ ገጾች መካከል የዋይት ሃውስ፣ የኤፍ ቢ አይና የብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲው የራሱ ይገኙበት ነበር።

በ2016 ኤፍ ቢ አይ በሳን በርናርዲኖ ግድያ የተያዘ አይፎን እንዲከፈትለት አፕልን ፍርድ ቤት አቆመ፤ ሌላ የሚከፍትለት ሲያገኝ ክሱን ተወ። በመከር 2024 የወጣው ዜና ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ሶልት ታይፎን የሚል ስም የተሰጣቸውና ከቻይና መንግሥት ጋር የተያያዙ ሰርጎ ገቦች እነ ኤቲ ኤንድ ቲና ቬራይዘን ውስጥ ገብተው ተገኙ። ኤፍ ቢ አይ ራሱ በኅዳር ባወጣው መግለጫ፣ ሕግ አስከባሪዎች በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከጠየቋቸው መረጃዎች ከፊሉ እንደተቀዳ አመነ። ይህን መሰሉ መረጃ የሚያልፈው በ1994 በካሊያ ሕግ ለሕግ አስከባሪው በተጠረገው መንገድ ነው። በታኅሣሥ የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነት ባለሥልጣናት በዒላማ ውስጥ ያሉ ሰዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ በተመሰጠረ መልእክት ብቻ እንዲጠቀሙ መከሩ። የዚመርማንን ዕቃ በሌላ ስም ማለት ነው።

ከወር በኋላ፣ በጥር 2025፣ የብሪታንያ መንግሥት በደመና ማከማቻ ያለ የተመሰጠረ መረጃ እንዲገኝለት አፕልን በምስጢር አዘዘ፤ በሕጉ መሠረት የታዘዘው ኩባንያ ትእዛዙ መኖሩን እንኳ መናገር አይችልም። በየካቲት ወሬው ወጣ። አፕል በየካቲት 21 ጠንካራውን ጥበቃ ለብሪታንያ ደንበኞቹ መስጠት አቆመ። በነሐሴ የአሜሪካ ብሔራዊ መረጃ ዳይሬክተር ቱልሲ ጋባርድ ብሪታንያ ጥያቄዋን ለመተው መስማማቷን አስታወቁ። መግለጫቸው የሚጠቅሰው የአሜሪካ ዜጎችን መረጃ ነው፤ አዲስ አበባ፣ ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ሆኖ በአፕል ስልክ ስለሚጠቀም ሰው አንድም ቃል የለውም።